ጾሙ ጠብቆ ሚዛኑ ሲጎድል፦ እምነትንና ትእዛዝን ስለ መጠበቅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር የእህል መደብርና ወፍጮ ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ሁሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ። አሁን ስኳር በሽታ ይዞኝ ሐኪሙ ‹መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰድ› ብሎኛል፤ እኔ ግን ትእዛዝ መሻር ስለሚመስለኝ መድኃኒቱን ውጬ እስከ 9 ሰዓት ሳልቀምስ እቆያለሁ። በሁዳዴ መደብሩ ውስጥ ተዝለፍልፌ ወድቄአለሁ። ፕሮቴስታንት የሆነው ታናሽ ወንድሜ ‹የምትድነው በእምነት ብቻ ነው፤ ለምን ራስህን ትገድላለህ?› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ትእዛዙን ካልጠበቅህ እምነትህ ከንቱ ነው› ትላለች። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። 50 ኪሎ ብዬ የምሸጠው ጤፍ ከነማዳበሪያው 49 ኪሎ ነው። ነጩን ከማኛ ጋር ቀላቅዬ በማኛ ዋጋ እሸጣለሁ። የጫኝና አውራጆችንም ሒሳብ አንዳንዴ ሳምንት አሳድራለሁ። ይህ ግን የገበያ ነገር ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል። ለዚሁም ብዬ በየወሩ በ21 ለማርያም እዘክራለሁ። በእምነት ከዳንን ትእዛዝ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ካስፈለገስ ጾሙን ብተው እምነቴ አለ ይባላል?»

ምላሽ፦ የፈሩበት ቦታና መፍራት የነበረብዎ ቦታ ተለዋውጧል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ በምትፈታው ነገር ላይ ራስዎን አስረዋል፤ ማንም ሊፈታው የማይችለውን ደግሞ «የገበያ ነገር» ብለው አልፈውታል። የወንድምዎና የእናትዎ ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቢሆንም ሥሩ እሱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ወንድምዎ የሚጠቅሱት በአብዛኛው ኤፌሶን 2፥8ን ነው፤ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» የሚለውን። ቃሉ እውነት ነው፤ የእኛም ነው። ነገር ግን ንባቡ በቁጥር 9 አያበቃም። ቁጥር 10 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ በክርስቶስ የተፈጠርነው እግዚአብሔር አስቀድሞ ባዘጋጀው መልካም ሥራ እንድንመላለስ እንደሆነ ይናገራል። ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ሥራ የመዳን ዋጋ እንዳልሆነ ይረዳል፤ የዳነ ሰው የሚኖረው ኑሮ እንደሆነም ይረዳል። ይኸው ሐዋርያ በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመው «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ነው ይላል። ለወንድምዎ ፍትሐዊ መሆን ካለብን ደግሞ ማርቲን ሉተር ራሱ እምነት መልካም ሳይሠራ መቀመጥ የማይችል ሕያው ነገር እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ «በእምነት ብቻ» የሚለውን «እንደፈለጉ ኑሩ» አድርጎ የሚተረጉም ሰው የራሱን ወገን ትምህርት እንኳ በትክክል አልያዘም።

«ታዲያ ቅዱስ ያዕቆብ ሰው በሥራ ይጸድቃል ያለው ከጳውሎስ ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚለው ብዙዎችን ያደናግራል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አብርሃምን ነው፤ የሚጠሩት ግን ከተለያየ የሕይወቱ ዘመን ነው። ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚያነሣው ዘፍጥረት 15፥6ን ነው። አብርሃም አመነ፤ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። ያን ጊዜ ገና አልተገረዘም፤ እስማኤልም አልተወለደም። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም የ86 ዓመት ሰው ነበር፤ ሲገረዝ ደግሞ 99 ሆኖት ነበር። በመካከሉ ቢያንስ 13 ዓመት አለ። ጳውሎስ የሚከራከረው «ካልተገረዛችሁ፣ የሙሴን ሥርዓት ካልያዛችሁ ወደ ክርስቶስ አትገቡም» ከሚሉት ጋር ነበርና ይህ ዘመን ጉዳዩን ይዘጋለታል። ያዕቆብ የሚያነሣው ግን ዘፍጥረት 22ን፣ ይስሐቅ አድጎ በመሠዊያው ላይ የተጋደመበትን ቀን ነው። እርሱ የሚናገረው ለገቡትና በስም ለተቀመጡት ነው፤ ወንድማቸው ራቁቱን ሆኖ ሲያዩት «በደህና ሂድ፣ እሳት ሙቅ» ብለው ለሚያሰናብቱት። አንዱ መግቢያውን፣ ሌላው መኖሪያውን ይናገራል። ያዕቆብ በ2፥19 አጋንንትም እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ ያስታውሰናል፤ እግዚአብሔር መኖሩን ማወቅ ብቻውን እምነት ቢሆን ኖሮ እነሱ ይቀድሙን ነበር።

የእናትዎ አነጋገር ለእውነት ይቀርባል፤ አንድ አደጋ ግን አለው። ትእዛዝ የምንጠብቀው እግዚአብሔር እንዲወደን ነው የሚል ስሜት በውስጡ ሊያድር ይችላል። የኦሪትን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። እስራኤል የፋሲካውን በግ አርደው ከግብፅ ወጡ፤ ባሕሩን ተሻገሩ፤ ሲና ተራራ ሥር የደረሱት በሦስተኛው ወር ነው። ዐሥሩ ትእዛዛት የተሰጡት ከዚያ በኋላ ሲሆን የሚጀምሩትም «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ» በሚል ነው። ማውጣቱ ቀደመ፤ ትእዛዙ ተከተለ። በሐዲስ ኪዳንም ጌታችን «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ይላል እንጂ «እንድወዳችሁ ጠብቁ» አይልም። ሁሉን የፈጸመ እንኳ በሉቃስ 17፥10 እንደተጻፈው የማይጠቅም ባሪያ ነኝ እንዲል ታዝዟል። በሌላ በኩል ያለ ሥራ መዳን እንደሚቻል ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰውን ፈያታዊ ዘየማንን፣ በጌታችን ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ በደንብ ይዩት። በነበረው ጥቂት ሰዓት እግዚአብሔርን ፈራ፤ በደሉን አመነ፤ ጓደኛውን ገሠጸ፤ ሁሉ በሸሸበት ሰዓት የክርስቶስን ንጽሕና መሰከረ። የነበረውን ጊዜ በሙሉ ሰጠ። እርስዎ ነገ ጠዋት መደብርዎን የሚከፍቱ ሰው ነዎት።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ጾም የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ለምን እንደታዘዘ ማወቅ ይገባል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል እንደሆነ ደንግጎ ዓላማውን ሲናገር ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን ያልጾመውን የሚቀጣው የሐዋርያት ቀኖና ራሱ በሕመም የደከመውን ለይቶ ያወጣዋል። ማለትም ጾሙን ያዘዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሕመምተኛውን ያሳረፈችውም እሷው ናት። ሁለተኛውን ቃሏን ጥሎ የመጀመሪያውን ብቻ መያዝ ግማሽ መታዘዝ ነው። «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ የራስንም ሕይወት ይጨምራል።

በተግባር ጾማችን ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ የሰዓት ገደብ፣ ሌላው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል ነው። ለእርስዎ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ጠዋት መድኃኒቱን ከጾም ምግብ ጋር ይውሰዱ፤ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ይበቃል፤ ሌላውን እንደ ልማድዎ ይጠብቁ። ሐኪሙ መጠኑንና ዓይነቱን ሊለውጥ ስለሚችል ምን ያህል መብላት እንዳለብዎ ጠይቀው ይረዱ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን ወስዶ ሳይበሉ መቆየት የደም ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። መንቀጥቀጥ፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠንና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ ካልታረመ ራስን ያስታል። በሁዳዴ የገጠመዎ ይህ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ምልክቱ ከመጣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን፣ ጾምም ቢሆን፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ። «እስከ 9 ሰዓት ልታገሥ» የሚባልበት ነገር አይደለም። መድኃኒቱን መተውም መፍትሔ አይደለም፤ አንዳንዱ ምእመን ጾሙን ለማዳን ክኒኑን ይተዋል፤ ጉዳቱ ግን በዓይንና በኩላሊት ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል።

የሚዛኑ ነገር ከዚህ በጣም ይከብዳል። ሰው ሁሉ ይወድቃል፤ ተቆጥቶ ይሳደባል፣ ተጎምጅቶ ይመለከታል፣ ይነሣል፣ ይናዘዛል። 1ኛ ዮሐንስ 1፥8–9 ለእንዲህ ያለው መጽናኛ ነው። የእርስዎ 49 ኪሎ ግን ድንገተኛ ውድቀት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ታስቦ ይመዘናል፤ አፉ ይሰፋል፤ ይደረደራል። በድካም የሚወድቅና ኃጢአቱን የሥራ ደንብ አድርጎ የያዘ ሰው አንድ አይደሉም፤ ያው መልእክት በ2፥4 «አውቄዋለሁ» እያለ ትእዛዙን የማይጠብቀውን ውሸተኛ የሚለው ሁለተኛውን ነው። ዘሌዋውያን 19፥35–36 እውነተኛ ሚዛንን ያዘዘው «ከግብፅ ምድር ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ነው፤ እዚያም ማዳኑና ትእዛዙ አልተለያዩም። አሞጽም በምዕራፍ 8 የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች በዓል የሚያከብሩ ነበሩ። ሰንበት እስኪያልፍ የሚጠብቁት ግን መስፈሪያውን አሳንሰው ስንዴ ለመሸጥ ነበር።

«ማዳበሪያውን ጨምሮ» በሚለውም ራስዎን አያታሉ። ባዶ የላስቲክ ማዳበሪያ ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአንድ ማዳበሪያ የሚጎድለው ጤፍ ከአንድ ኪሎ ይበልጣል ማለት ነው፤ ለማዳበሪያው ሊባል የሚችለው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውም የገበያውን ብዛት ይናገራል እንጂ ኪሎውን አይሞላም።

እርማቱ ከመሣሪያው ይጀምር። ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት ብናኝ በሚዛኑ ሰሌዳ ሥር ይጠራቀማል፤ ወለሉም ከተዛነፈ ንባቡ ይሳሳታል። ያጽዱት፤ ደልዳላ ቦታ ያስቀምጡት። መጠኑ የታተመበት የታመነ መመዘኛ ወስደው በአራቱም ማዕዘንና በመሐሉ ላይ ያስቀምጡ፤ አምስቱም ንባብ አንድ ካልሆነ ሳይሸጡበት ያሠሩት፤ ለሚመለከተው የንግድ መሥሪያ ቤትም አሳይተው ያስፈትሹት። ዲጂታል ከሆነ ባዶውን ማዳበሪያ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ከዚያ 50 ኪሎ ይሙሉ። ተሰፍተው የተደረደሩትንም ፈትተው ይሙሏቸው፤ «እነዚህ ይለቁና ከሚቀጥለው እጀምራለሁ» የሚለው ብዙውን ንስሐ መንገድ ላይ ያስቀረ ሐሳብ ነው። ቅልቅሉን በተመለከተ መቀላቀል በራሱ በደል አይደለም። «ማኛና ነጭ የተቀላቀለ» ብለው በሚገባው ዋጋ ይሽጡት።

ከዚያ ያለፈውን መመለስ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ይህን ነው። ዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለተበደለው እንዲመልስ ያዝዛል። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 አራት እጥፍ ልመልስ ብሏል፤ ልብ ይበሉ፣ ጌታችን ወደ ቤቱ የገባው ገንዘቡን ከመመለሱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ግን ገንዘቡ በሳጥኑ ውስጥ ሊቀመጥ አልቻለም። እምነትና መታዘዝ እንዴት እንደሚያያዙ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። አንዲት ደንበኛ በየወሩ አንድ ማዳበሪያ ለሁለት ዓመት ከወሰዱ 24 ማዳበሪያ ነው። በእያንዳንዱ አንድ ኪሎ ብንቈጥር 24 ኪሎ ይጎድላል፤ አምስተኛው 4.8 ኪሎ ነው፤ በድምሩ 29 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ማዳበሪያው ራሱ ቢመዘን ትንሽ ከፍ ስለሚል ወደ ላይ ማጠጋጋት ይሻላል። የሚመለሰው በብር ሳይሆን በጤፍ ይሁን። የያኔውን ዋጋ በብር ቢመልሱ ዛሬ ያን ያህል ጤፍ አይገዛም፤ ሁለተኛ ይበደላሉ። ስማቸው በዱቤ ደብተርዎ ላይ ካለው ይጀምሩ። ሲሰጡ «ስጦታ ነው» አይበሉ፤ ምስጋና አለአግባብ መሰብሰብ ይሆናል። «ቀድሞ ስመዝንልዎ የጎደለ ነው» ማለት ይበቃል። ከዚህ ያለፈ ዝርዝር መናገር ይገባ እንደሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ። የማይታወቁትን መንገደኛ ገዢዎች ድርሻ በግምት አስልተው ለድሆች ይስጡ። ግምቱ ላይ ሲያመነቱ ራስዎን ሳይሆን ገዢውን ይጥቀሙ። አንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ በየወሩ ከፋፍለው ይክፈሉ፤ ግን ቀኑንና መጠኑን በጽሑፍ ይያዙ፤ ያልተጻፈ ዕዳ በሁለት ወር ይረሳል።

ዝክሩን በሚመለከት በግልጽ ልናገር። ከደንበኛ በተቀነሰ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ለድሃ ቢቈረስ ምጽዋት አይሆንም፤ የሰው ገንዘብ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያስተካክለዋል። ዝክሩን ያቁሙ አልልም፤ ከንጹሕ ትርፍዎ ያድርጉት፤ ትርፉ ካነሰ አንድ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ ይበቃል። ለድሆች የሚመልሱትን ዕዳ ግን ከዝክሩ ጋር አይቀላቅሉት፤ በእርስዎም ስም አይጠራ። ለእመቤታችን ያለዎትን ፍቅር የጎደለውን ኪሎ መሸፈኛ አያድርጉት።

የጫኝና አውራጆቹ ሒሳብ አጭር መልስ አለው። ዘዳግም 24፥15 ደመወዙን በቀኑ፣ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ሰውየው ድሃ ነው፣ ነፍሱም ተስፋ የምታደርገው በእርሱ ነው። ኩንታል ተሸክሞ የዋለ ሰው ያን ማታ ዳቦ በዱቤ ከገዛ፣ የእርስዎን ዕዳ እሱ እየተሸከመ ነው። ከጎጃም ወይም ከአድዓ ጭነት የሚያመጣው መኪና ከመድረሱ በፊት የማውረጃውን ብር ለብቻ ያስቀምጡ፤ ከዚያው ሣጥን ሌላ ዕቃ አይግዙበት። ብሩ ከሌለ መኪናው ይቆይ።

ይህን ሁሉ ይዘው ንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሂዱ። «በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ በድያለሁ» ብሎ ማለፍ ቁስሉን ልብስ ሳያወልቁ ለሐኪም እንደ ማሳየት ነው። ኪሎውን፣ ቅልቅሉን፣ ያሳደሩትን የሰው ሒሳብ በየስሙ ይናገሩ። ስኳር በሽታ እንዳለብዎና ምን እንደሚወስዱ ይንገሯቸው፤ ሳያውቁ ለንስሐዎ የጾም ቀኖና ቢሰጡዎ ለእርሳቸውም ለእርስዎም ችግር ነው። ሲያውቁ ግን ጸሎት ወይም ሌላ የሚችሉትን ሊሰጡዎ ይችላሉ፤ ስግደትም ቢሆን መጠኑን ከአቅምዎ ጋር ያስማሙታል። ቀኖናው የኃጢአት ዋጋ አይደለም፤ ያንን ክርስቶስ ከፍሎታል። ቀኖና ያለመደውን እጅ ወደ ትእዛዙ ማስለመጃ ነው። ደግሞም ቀኖናውን ፈጸምኩ ብለው የሰው ገንዘብ መመለሱን አይተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በተቃራኒው ሁሉንም ከፍዬ እስክጨርስ ካህን ፊት አልቀርብም ማለትም ስሕተት ነው። ዕዳው ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሚዛኑ ከታረመና የመመለሱ ዕቅድ ከተጀመረ መቼ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንደሚቀርቡ የሚወስኑት ንስሐ አባትዎ ናቸው። ለመቍረብ የሚጠበቀው የ18 ሰዓት ጾም ለእርስዎ ከባዱ ነገር ይሆናል፤ ይህን ለካህኑና ለሐኪሙ አስቀድመው ሳይነግሩ በራስዎ ውሳኔ አይሞክሩት። እኔም በዚህ ምላሽ የሁለቱን ቦታ ልተካ አልችልም።

«ጾሙን ብተው እምነቴ አለ ይባላል?» ላሉት፣ በሐኪም ትእዛዝና በንስሐ አባት ምክር የሰዓቱን ገደብ ማላላት እምነትን አያጐድልም። ሚዛኑን ሳያርሙ 55ቱን የሁዳዴ ቀን አንድም ሳያጐድሉ ቢጾሙ ግን ማቴዎስ 23፥23 በቀጥታ ይመለከትዎታል። ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት የሚያወጡት ሰዎች ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ተወቀሱ፤ ጌታችን ግን ዐሥራቱን ተዉ አላላቸውም፤ ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር አለ እንጂ። ስለዚህ ምክሬ በቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ነገ ጠዋት ቁርስዎን ከመድኃኒቱ ጋር ይብሉ፤ መደብሩን ሳይከፍቱ ሚዛኑን ይፈትሹ፤ የሠራተኛ ዕዳ ካለ እስከ ማታ ይክፈሉ፤ ከሚመጣው እሑድ በፊት ንስሐ አባትዎን ያግኙ፤ ከዚያ የዱቤ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩ። ወንድምዎን በክርክር ለማሸነፍ አይድከሙ፤ እሳቸውም ጤፍ ከእርስዎ የሚገዙ ከሆነ ደብተሩ ላይ ስማቸውን ይፈልጉ።